ከባሕር ዳር ላሊበላ በአውሮፕላን 45 ደቂቃ ነው ወይ?

ጥያቄ፦ «እማዬ ላሊበላን ሳላይ አልሞትም ትላለች። ዘንድሮ ለገና ልወስዳት አስቤያለሁ። 68 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ የደም ግፊት መድኃኒትም ትወስዳለች። ኢንተርኔት ላይ ሳይ ከባሕር ዳር ላሊበላ በአየር 185 ኪሎ ሜትር፣ የበረራው ጊዜ 45 ደቂቃ ይላል። ትኬት ስፈልግ ግን በአዲስ አበባ በኩል ነው የሚያወጣልኝ፤ ግማሽ ቀን ይፈጃል። የተሳሳተው ርቀቱ ነው ወይስ ትኬቱ? በደብረ ታቦር በኩል በመኪና ብንሄድስ? የቱ ይሻለናል?»

ምላሽ፦ ርቀቱ ልክ ነው። ትኬቱም ልክ ነው። ያሳሳተሽ 45 ደቂቃው ነው። ድረ ገጹ የነገረሽ አውሮፕላን ቢኖር ምን ያህል እንደሚወስድበት ነው። አንቺ ደግሞ አውሮፕላን አለ ማለት መስሎሽ ነው።

እነዚህ የርቀት ማስያዎች የሚሠሩት ቀላል ሒሳብ ነው። የሁለቱን አየር ማረፊያዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ይወስዳሉ። በመካከላቸው ያለውን አጭሩን መስመር ይለካሉ። ከዚያ ብዙዎቹ አውሮፕላን በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ይበራል ብለው ያካፍላሉ። ለመነሳትና ለማረፍ ደግሞ 30 ደቂቃ ይደምሩበታል። እስኪ ራስሽ ሞክሪው። 185ን ለ800 ስታካፍዪው 14 ደቂቃ ገደማ ይመጣል። 30 ሲጨመርበት 44። ያየሽው ቁጥር የመጣው ከዚህ ነው። ማስያው የበረራ ፕሮግራም አላየም። የአውሮፕላኑን ዓይነት አላወቀም። በመንገዱ ላይ ተራራ ይኑር ሜዳ አልጠየቀም።

ተራራው ደግሞ አለ። ከባሕር ዳር ላሊበላ ካርታ ላይ በማስመሪያ ብታሰምሪ መስመሩ በጉና ተራራ በስተሰሜን በኩል ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ያልፋል። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። ላሊበላ ስትደርሺ ደግሞ ከከተማው አናት ላይ አቡነ ዮሴፍ አለ፤ እሱም ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። የባሕር ዳር ኤርፖርት ያለው ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የላሊበላው፣ ሹምሸሃ ያለው፣ ወደ 1,950 ሜትር ላይ። ተራራማ አገር ላይ አብራሪ ከመንገዱ ከፍተኛ ጫፍ ቢያንስ 600 ሜትር በላይ መሆን አለበት። ስለዚህ ይህቺን አጭር መንገድ ለመብረር መጀመሪያ ሦስት ሺህ ሜትር ያህል መውጣት፣ ከዚያ ያንኑ ያህል መውረድ ግድ ነው።

ለአገር ውስጥ በረራ ብዙ ጊዜ የምታዪው ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ ኪው 400 ነው። ሰው «ቦምባርዲየር» የሚለው። ሙሉ ፍጥነቱ በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ185 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ግን ሲሶው ሽቅብ፣ ሲሶው ቁልቁል ያልቃል። በሙሉ ፍጥነቱ የሚሄደው መሐል ላይ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። አየር ላይ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይቆያል። ሞተር ተነስቶ ወደ መንደርደሪያው የሚሄድበት፣ ካረፈ በኋላም እስኪቆም ያለው ሲደመር 40 ደቂቃ ይጠጋል። ማስያው በተሳሳተ መንገድ ሄዶ ልክ የሆነ ቁጥር አጠገብ ደርሷል። በጎንደር ብትሞክሪው ግን ይስታል። ባሕር ዳርና ጎንደር በአየር 102 ኪሎ ሜትር ናቸው። ማስያው 38 ደቂቃ ይልሻል። አየር ላይ የሚፈጀው ግን ከ20 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፤ ጣናን አቋርጦ የጎንደር ኤርፖርት ያለበት አዘዞ ነው። መሬት ላይ የሚሄድበት ሲደመርም 30 ገደማ ነው። በመኪና ያው መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ሐይቁን በምሥራቅ መዞር ስላለበት ነው።

ወደ ትኬቱ ልምጣ። ድሮ ይህ ጉዞ በቀጥታ ይቻል ነበር። ፎከር 50 የሚባለው አውሮፕላን ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነስቶ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም እያለ ይዞር ነበር። ቱሪስቶች በአንድ ሳምንት ሁሉንም የሚያዳርሱት በሱ ነው። ሃያ ዓመት ያህል በበረራ ኦፕሬሽን ስለሠራሁ ያንን ዙር በደንብ አውቀዋለሁ። አሁንም በአንዳንድ ወቅት በክልል ከተሞች መካከል ቀጥታ በረራ ሊወጣ ይችላል። የጉዞሽን ቀን አስገብተሽ ስትፈልጊ ካልወጣልሽ ግን የለም ማለት ነው፤ ርቀቱ ቢያጥርም አይጠቅምሽም።

ለምን ይቀራል ብትዪኝ፣ ወንበር ነው ምክንያቱ። ኪው 400 ሰባ ያህል ሰው ይይዛል። በአንድ ቀን ከባሕር ዳር ላሊበላ ብቻ የሚሄድ ሰባ ሰው በበዓል ሰሞን ይገኝ ይሆናል። በሰኔ ዝናብ አይገኝም። አዲስ አበባ ግን ከጅማም፣ ከድሬዳዋም፣ ከባሕር ዳርም የመጣ መንገደኛ ይሰበሰባል። ከዚያ አንድ አውሮፕላን ለላሊበላ ይሞላል። ሠራተኞቹም፣ ዋናው የጥገና ቦታም ያሉት እዚያው ነው። ሌላም ነገር አለ። ሞተርና ጎማ የሚያረጁት በተበረረው ሰዓት ብቻ አይደለም፤ መነሳትና ማረፍ በራሱ ይቆጠራል። የ30 ደቂቃ በረራ የሚፈጀው ድካም ከአንድ ሰዓቱ ጋር ተቀራራቢ ነው፤ የሚያስገባው ገንዘብ ግን ያነሰ ነው።

ካርታው ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአየር 334 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ላሊበላም እንዲሁ 334 ገደማ ነው። ሁለት እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ማለት ነው፤ አጭሩ ጎን ያንቺ 185 ነው። ትኬትሽ የሚያስኬድሽ በሁለቱ ረጃጅም ጎኖች ነው። 668 ኪሎ ሜትር፣ ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ። እያንዳንዱ በረራ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል።

አሁን ከደጅ እስከ ደጅ እንቁጠረው። ቤታችሁ ሽምብጥ ነው እንበል። እስከ ኤርፖርት ግማሽ ሰዓት ያዢ። ፍተሻና ጥበቃ አንድ ሰዓት ተኩል። በረራ አንድ ሰዓት። አዲስ አበባ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል። ሁለተኛው በረራ አንድ ሰዓት። ሻንጣ መጠበቅ ግማሽ ሰዓት። ከሹምሸሃ ወደ ላይ ወደ ከተማው 40 ደቂቃ። ድምሩ 7 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። ይቺን የመጨረሻዋን መንገድ ብዙ ሰው ይረሳታል። ኤርፖርቱና ከተማው በአየር 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆኑም ከተማው ከማረፊያው 500 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። መኪና እየተጠማዘዘ 23 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚወጣው።

መኪናውስ? ከባሕር ዳር በወረታ፣ በደብረ ታቦር፣ በክምር ድንጋይ፣ በነፋስ መውጫ አድርገሽ ጋሸና ትደርሻለሽ። ከዚያ ወደ ሰሜን ወደ ላሊበላ ትታጠፊያለሽ። ሁሉም ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው። ከወረታ ወዲያ ያለውን የድሮ ሰው «የቻይና መንገድ» ይለዋል፤ በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት ነው። መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ጥሩ ሹፌርም ካለ፣ ከ6 እስከ 7 ሰዓት ንጹሕ መንዳት ነው። ምሳና ዕረፍት ሲጨመር 8 ይሆናል። አየሽ፣ በሰዓት ካየነው አውሮፕላኑና መኪናው እኩል ናቸው። ስለዚህ ምርጫሽን በሰዓት አታድርጊው። የሚለያዩት በእናትሽ ጉልበት ላይ በሚያደርሱት ነው።

ጉልበቱን የሚያመው ሰው 8 ሰዓት መኪና ውስጥ ታጥፎ ሲቀመጥ እግሩ ያብጣል። መንገዱ ደግሞ ጉና ሥር ሲያልፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይወጣል። በክረምት ጉሙ ሹፌሩን ከፊቱ ያለውን መኪና እንኳ እንዳያይ ያደርገዋል። የመንገዱን ፀጥታም እንደምታውቂው በየሳምንቱ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዛሬ ያለፈ መኪና ከነገ ወዲያ ላያልፍ ይችላል። መሐል መንገድ ላይ ቆሞ መመለስ ወጣትንም ያሰለቻል። 68 ዓመት ለሆናቸው እናት ግን ከማሰልቸትም ያልፋል።

በጎንደር አድርጌ ብሄድስ እንዳትዪ። ከጎንደር ላሊበላም በአየር 178 ኪሎ ሜትር ነው፤ አልቀረበልሽም። አውሮፕላን በግል መከራየትም አለ፤ ዋጋው ግን ለአንድ ቤተሰብ የሚታሰብ አይደለም።

ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። በአውሮፕላን፣ በአዲስ አበባ በኩል ሂዱ። ሁለቱን በረራ በአንድ ትኬት ግዢ። አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ከሌላ ቦታ ነገ እየገዙ የሚቀጣጥሉ ሰዎች አሉ። ጥቂት ብር ይቆጥባሉ። የመጀመሪያው በረራ ከዘገየ ግን ሁለተኛው አይጠብቃቸውም፤ ትኬቱም የነሱ ኪሳራ ይሆናል። በአንድ ትኬት ላይ ከሆነ ግን በሚቀጥለው በረራ የማድረስ ኃላፊነቱ የአየር መንገዱ ነው። በሁለቱ መካከልም ቢያንስ ሁለት ሰዓት ተኩል ይኑር። በአንድ ሰዓት ልዩነት የሚያገናኝ ቢወጣልሽ፣ ርካሽም ቢሆን፣ እለፊው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይዘሽ ቦሌ ውስጥ መሮጥ አትችዪም።

ከባሕር ዳር የጠዋቱን የመጀመሪያ በረራ ያዢ። ለዚህ ሁለት ምክንያት አለኝ። አንዱ አየሩ ነው። የኤርፖርታችን ከፍታና የከሰዓቱ ሙቀት ሲደመሩ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር 20 ከመቶ ገደማ ይሳሳል። የሳሳ አየር ክንፍን በደንብ አያነሳም፤ ሞተርም ጉልበት ያጣል። አውሮፕላኑ ረጅም ይንደረደራል፤ አንዳንዴም ጭነት ይቀነሳል። ጠዋት አየሩ ቀዝቃዛና የረጋ ነው። ከቀትር በኋላ ግን ከጣና ዙሪያ ደመናው መነሳት ይጀምራል፣ በተለይ በክረምት። ሁለተኛው ምክንያት የተራ ነገር ነው። አውሮፕላን ቀኑን ሙሉ ከከተማ ከተማ ይመላለሳል። ጠዋት አንድ ቦታ 20 ደቂቃ የዘገየ ማታ ላይ ሁለት ሰዓት ሆኖ ይመጣል።

ተነስታችሁ ልትንደረደሩ ስትሉ አብራሪው «ወፎች እስኪያልፉ» ብሎ ቢቆም አትበሳጪ። ሐይቅ አጠገብ ነን። ጠዋት ከማረፊያው አጥር ሥር ቆሜ ያየሁት ነገር ነው፤ እርግቦቹ ከእርሻው ላይ ግር ብለው ይነሱና ሜዳውን እንደ ጥላ አቋርጠው ይሄዳሉ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከዚሁ ማረፊያ ወደ አስመራ ሊሄድ የተነሳ ቦይንግ 737 የእርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገባበት። አብራሪዎቹ ሊመለሱ ሞከሩ፤ ሞተሮቹ ግን ጠፉ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ለወፍ ሲባል የሚጠፋ 5 ደቂቃ ከባሕር ዳር ሰው ቅሬታ ሊመጣበት አይገባም።

አሁን ስለ ሰዓቱ። ይህን የምጽፈው አንድ ቀን ያየሁት ነገር እስካሁን ስለሚያንገበግበኝ ነው። ነጭ ጋቢ የለበሱ አባት፣ ድፎ ዳቦ በመሶብ ይዘው፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት አልፎ ኤርፖርት መጡ። ትኬታቸው ላይ 07:30 ይላል። ሰባት ሰዓት ተኩል አሉ፤ በኛ አቆጣጠር። አውሮፕላኑ ግን ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሄዷል። መሶቡን መሬት አስቀምጠው ወረቀቱን ደጋግመው ሲያዩት ዓይኔ ላይ አለ። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ሁልጊዜ በፈረንጅ ነው። ስድስት ቀንሺለት። 07:30 ጠዋት 1:30 ነው። 13:10 ከቀኑ 7:10 ነው። ቀኑም በፈረንጅ ነው የሚጻፈው። ታኅሣሥ 29 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 7 ላይ ይውላል። ጳጉሜን 6 ቀን በሆነች ማግስት በሚገባው ዓመት ግን በአንድ ቀን ይዛነፋል። ከመግዛትሽ በፊት ከቀን መቁጠሪያ ጋር አስተያዪው። ትኬቱን ከገዛሽ በኋላም ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር በእስክሪብቶ ጻፊና ለእናትሽ በቦርሳቸው ክተቺላቸው።

ለገና ላሊበላ የሚገባው ሕዝብ ብዙ ነው። ከየሀገሩ በእግሩ ሳምንታት ተጉዞ የሚመጣ አለ። ቤተ ማርያም ላይ ቤዛ ኩሉ የሚባለው የገና ዝማሬ ሲዘመር ቆሞ ለማየት የማይመጣ የለም። ስለዚህ ትኬቱም አልጋውም ቀድሞ ያልቃል። ከበዓሉ ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ ድረሱ። አንዱ ቀን ለእናትሽ ዕረፍት ነው። ላሊበላ ከተማ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ ከባሕር ዳር 700 ሜትር ይበልጣል። የደም ግፊት ያለበት ሰው በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ሲራመድ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማቸውን አማክሩ። መድኃኒቱ በእጅ ቦርሳ ይሁን፤ በሻንጣ አይላክ። ሻንጣ ሊቀር ይችላል፣ መድኃኒት ግን መቅረት የለበትም። 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ቀን ላዳርስ አትበዪ። መውረጃዎቹ ከድንጋይ የተፈለፈሉ ናቸው፣ ብዙ ሰው የረገጣቸው ስለሆኑ ያንሸራትታሉ፤ ውስጥ ሲገባም ጫማ ይወለቃል። ወፍራም ካልሲና ከዘራ ይያዙ።

ትኬት ስትገዢ አንድ ነገር ጠይቂ፤ የዊልቸር አገልግሎት። ብዙ ሰው ያፍራል፣ ወይም መራመድ ለማይችል ብቻ ይመስለዋል። አዲስ አበባ ላይ ከአንዱ በር ወደ ሌላው ያለው መንገድ ለታመመ ጉልበት ረጅም ነው። ስትገዢ አስመዝግቢው፤ ኤርፖርት ደርሶ መጠየቅ ሌላ ጥበቃ ያመጣል። ኪው 400 ዝቅ ያለ ስለሆነ ደረጃው ጥቂት ነው፤ ቀስ ብለው ተደግፈው ይወጣሉ። ወንበራቸውን ከመተላለፊያው በኩል አድርጊላቸው፣ እግራቸውን መዘርጋት እንዲችሉ።

ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ማታ ደውዪና በረራው በሰዓቱ መሆኑን አረጋግጪ። የምታርፉበት ሆቴል መኪና ሹምሸሃ ድረስ እንዲልክ ቀድመሽ ተነጋገሪ። በበዓል ሰሞን እዚያ ቆሞ መኪና መፈለግ ፀሐይ ላይ መቆም ነው። መመለሻውንም በበዓሉ ማግስት አታድርጊው፤ ሁሉም የሚወጣው ያን ቀን ነው። አንድ ወይም ሁለት ቀን አሳልፉ።

የገና ሳምንት ትኬት አልቆ ካገኘሽው ደግሞ በግድ በመኪና ይዘሻቸው አትውጪ። ለየካቲት አሸጋግሪው። ሰዉ ቀለል ይላል፣ ሰማዩ ንጹሕ ነው፣ አልጋም አይጠፋም። እናትሽም ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ሳይጋፉ ተቀምጠው የፈለጉትን ያህል ያያሉ።